በለመለመ ሽምግልና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዘንድሮ የካቲት 8 ልደተ ስምዖንን ሳከብር ዓይኔ አንድ ሰው ፈለገ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር የማይጠፉ አባት ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። በዚያ በአረጋዊው ስምዖን በዓል ቦታቸው ባዶ ነበር።

ለምን እንደቀሩ ልቤ ያውቀው ነበር። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ የጽዋ ማኅበራችን ተሰብስቦ ነበር። ለነዳያን የሚሰጠውን እህል እንዴት እናከፋፍል የሚል ወሬ ተነሣ። እኚህ አባት ተነሥተው መናገር ጀመሩ። ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቀስ እያሉ ነው የሚያወሩት። ሁለት ቃል ሳይጨርሱ ከወጣቶቹ አንዱ «አባባ፣ እርስዎ በቃ ይረፉ፤ የእርስዎ ጊዜ እኮ አልፏል» አላቸው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እርሳቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረጉና ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ዛሬም ግን ያቃጥለኛል።

የካቲት 21 በማኅበሩም ቀሩ። በማግስቱ ከጓሮዬ ጎመን ቀንጥሼ፣ አስሬ፣ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ውሰዱት ብላቸው «ምን ሊረባኝ ወንድሜ? ጊዜህ አልፏል ተባልኩ እኮ» አሉኝ። አንድ የዘፈቀደ ቃል በሰው ውስጥ እስከዚህ ይገባል።

እስቲ ስምዖንን እናስበው። መምህራን እንደሚያስተምሩን መጻሕፍትን ወደ ጽርዕ፣ ማለትም ወደ ግሪክ ቋንቋ፣ ከተረጎሙት ሊቃናት አንዱ ነበር። ኢሳይያስ «ድንግል ትፀንሳለች» ያለውን ሲተረጉም ተጠራጠረ፤ ይህን ሳታይ አትሞትም ተባለ። ቆየ። አረጀ። ደቀቀ። ጌታ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ግን መንፈስ ቅዱስ ይህን አሮጌ ሰው አስነሥቶ አመጣው። ሉቃስ «ተቀብሎ አቀፈው» ይላል። ይህቺን ቃል እወዳታለሁ። ስምዖን ያን ቀን ተራራ አልወጣም፤ አልሰበከም፤ ሕንፃ አላሠራም። ሕፃን አቀፈ፣ ባረከም። ሲያቅፈው አካሉ ታደሰ፤ በዓሉም ልደተ ስምዖን የተባለው ለዚህ ነው ብለው አባቶች ያስተምሩናል።

ያን ቀን በቤተ መቅደሱ ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቶ ነበር? ካህናቱ ነበሩ። መሥዋዕት የሚያቀርበው፣ ርግብ የሚሸጠው፣ የሚገባው የሚወጣው ሞልቷል። በእናቱ ክንድ ያለው ማን እንደሆነ ያወቁት ግን ስምዖንና ሐና ናቸው። ሐና 84 ዓመት ያህል መበለት ነበረች ይላል ወንጌሉ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ከበር «እናንተ በቃ ዕረፉ» ብለን ብንመልሳቸው ኖሮ ጌታን ማን ይቀበለው ነበር?

ዳዊት በመዝሙር 91 ስለ ጻድቃን ሲናገር «በለመለመ ሽምግልና ያፈራሉ» ይላል። በእግዚአብሔር ቤት የተተከሉ ናቸውና። ይህን ቃል ለብዙ ዓመት በአፌ ደግሜዋለሁ። የገባኝ ግን ጡረታ ወጥቼ ጓሮ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ግቢዬ ጠባብ ናት። ከአጥሩ ሥር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቂት ቃሪያና አንድ ጤና አዳም አለኝ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ሌሊት በርሜሉን እሞላለሁ፤ ጠዋት ከጸሎት በኋላ በጣሳ እየቀዳሁ አጠጣለሁ። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው የምኮተኩተው። የሐበሻ ጎመን የተከለ ያውቃል፤ የሚቀነጠሰው ከታች ነው። በተቀነጠሰ ቁጥር ግንዱ ይረዝማል፣ እንጨት ይሆናል፣ ቅጠሉ የነበረበት ሁሉ ጠባሳ ይይዛል። ሦስት ዓመት የሞላው አንድ ግንድ አለኝ። ጎብጧል። በዱላ ደግፌዋለሁ። ያየው ሰው ሁሉ «ይሄንንማ ንቀለው» ይለኛል። ለእኚያ አባት የወሰድኩት እስር ግን ከእርሱ ጫፍ የተቀነጠሰ ነው። ሥሩ መሬት እስካልለቀቀ ድረስ ከላይ ያቆጠቁጣል።

እናንተ ወጣቶች፣ ልጆቼ፣ አገልግሎታችሁን አያለሁ፤ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። ነገር ግን ሕጉ «በሽበታሙ ፊት ተነሣ» ይላል፤ ዘሌዋውያን 19 ላይ አንብቡት። በእርሳቸው ፊት መነሣት ሲገባችሁ እርሳቸውን አስቀመጣችኋቸው። እኛ በእድሜ መሀል ያለነውም ሳቃችሁን ሰምተን ዝም አልን። የምትቆሙበትን ማኅበር ማን ያቆየላችሁ ይመስላችኋል? በዚያ በክፉ ዘመን፣ በደርግ ጊዜ፣ እየፈሩም ቢሆን በየቤታቸው ጽዋ እያነሡ ያቆዩት እነዚሁ ዛሬ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ናቸው። ሄዳችሁ እግራቸው ላይ ውደቁ። ነገ አትበሉ፤ በሰማንያ ዓመት ላይ ነገ የሚባለውን ቀን የሚሰጥ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ለእናንተ ለአረጋውያን ደግሞ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አሁን ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን። መድኃኒቱን ትቶ፣ ማንም ሳያውቅ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም የስኳር በሽተኛ በመካከላችን አለ። ጸበል ከጠጣሁ ኪኒን አልፈልግም የሚልም አለ። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ውሰዱ። ፍትሐ ነገሥታችንም ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀልለታል። ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም እውነቱን ንገሩ፤ ሁለቱም እንዳይጎዳችሁ ያስባሉ። ሰውነታችሁን በድብቅ መጉዳት ስምዖን የጠየቀው «በሰላም አሰናብተኝ» አይደለም። እርሱ ያን የጠየቀው ካቀፈ በኋላ ነው።

ብቻዬን ቀርቻለሁ የሚል ደግሞ ኢሳይያስ 46 ላይ ያለውን ያንብብ፦ «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ።» ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ፣ እኔም የምደግመው ይህንኑ ነው። በወጣትነቴ የተሸከመኝን ያህል አላወቅሁትም፤ በሁለት እግሬ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

እኚያ አባት ያን ቀን ጎመኑን ሲቀበሉኝ አገላበጡና «ከዚያ ከጎባጣው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መድኃኒታቸውን በውኃ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን እየመጡ ዱካዬ ላይ ተቀምጠው አረም ነቅለውልኛል፤ ሁለት የቆስጣ መደብም ጨምረናል። ያ ወጣትም ትናንት ማታ በስልክ ደውሎ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠይቆኛል።

መጋቢት 21 የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ሽሮና ጎመን እናቀርባለን። ከበሩ ግራ በኩል፣ ከጤና አዳሙ አጠገብ፣ አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀምጣለሁ። ጸሎቱን የሚያሳርጉልን እርሳቸው ናቸው።