የዳኛ “ሹመት” ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ “ዳኛ ተሿሚ ነው፤ ተሿሚ ደግሞ የሿሚው ሰው ነው” ሲሉ ሰማሁ። መፍትሔም አላቸው፦ “እንደ አሜሪካ ሕዝብ ይምረጣቸው።” ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። የአሁኑን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ጥፋቱ የቋንቋችንም ነው። ሹመት ሲባል ሹም ሽር ይመጣብናል። የሾመ ይሽራል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የተባለውም ለዚህ ነው። ሚኒስትር ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ መሻሩን በዜና ሊሰማ ይችላል። የዳኛ ሹመት ግን ሹሙን ከሽሩ ለመነጠል የተበጀ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 መሠረት ዳኛ ጡረታው ሳይደርስ ያለ ፈቃዱ አይነሳም። የሚነሳው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የዲሲፕሊን ጥፋት አጥፍቷል፣ ችሎታና ቅልጥፍና በጉልህ አንሶታል ወይም ሕመም ሥራውን አላሠራው ብሏል ብሎ ሲወስን ነው። ያም በምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ መጽደቅ አለበት። (የሚያጸድቀው ያው የሾመው ምክር ቤት ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ግን ሌላ ክርክር ነው።)

የኳሱንም የችሎቱንም “ዳኛ” ነው የምንለው፤ እንጠቀምበት። በጊዮርጊስና በቡና ጨዋታ ዳኛውን ተመልካቹ በእጅ ብልጫ ቢመርጠውስ? ብዙ ደጋፊ ያስገባ ክለብ ዳኛም አገኘ ማለት ነው። ፌዴሬሽኑ ስለመደበው ብቻ ግን ማንም አይጮህም። የምንጮኸው ፔናሊቲ በሰጠ ማግስት ጨዋታ ሲነፈገው ነው። “ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛው)ስ ይግባኝ አይደለም?” የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ይግባኝ የሚታየው በበላይ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ራሱ ስክሪኑ ጋ ሄዶ ውሳኔውን መልሶ ካየ፣ ነገሩ የሚመስለው ዳግም ዳኝነትን ነው፤ ያው ፍርድ ቤት የራሱን ፍርድ መልሶ የሚያይበትን።

ወደ ተንታኙ ልመለስ። የትኛው የአሜሪካ ዳኛ? የፌዴራሉን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ነው። ሕዝብ የሚመርጠው በብዙ ክፍለ ግዛቶች ነው። ቴክሳስ ውስጥ እንዲያውም የፓርቲ ስም ይዘው ይወዳደራሉ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ገና ሳይታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫ ደረሰ። የኩባንያው አለቃ አንዱን ተወዳዳሪ ለማገዝ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ። ተወዳዳሪው አሸነፈ። የኩባንያውን ይግባኝ ከሚያየው ችሎት ተነሳ ቢባል እምቢ አለ። የ50 ሚሊዮኑ ፍርድ 3 ለ 2 ተሻረ። በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት “መነሳት ነበረበት” አለ፤ እሱም በ5 ለ 4።

እኛስ ብንሆን? በደርግ ጊዜ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አባላት በነዋሪው ይመረጡ ነበር። እንዴት እንደነበር በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ይጠየቅ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የወረዳው ዳኛ ነው። ገበያ ሲወጣ ከሳሽም ተከሳሽም ያውቀዋል። ዝውውሩን የሚወስነው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤው ነው፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። የችሎቱን ወረቀት፣ ወንበርና መኪና የሚሰጠውስ ማን ነው? ተንታኙ ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።