ስለ ሪያል ማድሪድ የ1955/56 ውድድር ዘመን በተሳሳተ መንገድ የሚወሩ ነገሮች እና እውነታው

ሪያል ማድሪድ ከ1956 እስከ 1960 የአውሮፓን ዋንጫ አምስት ጊዜ አከታትሎ መውሰዱን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም። ችግሩ የመጀመሪያው ዋንጫ የሚወራው በአምስተኛው መነጽር መሆኑ ነው። በ1960 ፍጻሜ አይንትራክት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3 ያንኮታኮተው ቡድን በ1956ም እንደዚያው የነበረ ይመስላል። አልነበረም። ያ ውድድር ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1948 ዓ.ም. ላይ የሚያርፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ግን ሁሉም በፈረንጆች ናቸው።

የሚባለው፦ «ማድሪድ ያን ዓመት ስፔንንም አውሮፓንም ጠቅልሎ ወሰደ»

ስፔንን አልወሰደም፤ በሊጉ ሦስተኛ ነው የወጣው። በሊጉ 16 ክለቦች ነበሩ፣ እያንዳንዱም 30 ጨዋታ ያደርጋል። አትሌቲክ ቢልባኦ በ48 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፣ ባርሴሎና በ47 ተከተለው፣ ማድሪድ 38 ላይ ቀረ። የ10 ነጥብ ልዩነት ሲባል ዛሬ ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። ያኔ ግን ለአሸናፊ የሚሰጠው 2 ነጥብ ብቻ ስለነበር 10 ነጥብ ማለት አምስት ሙሉ ድል ነው። በፈርዲናንድ ዳውቺክ የሚሰለጥነው ቢልባኦ በዚህ አላበቃም። የጄኔራሊሲሞ ዋንጫንም፣ ማለትም የዛሬውን ኮፓ ዴል ሬይ፣ አትሌቲኮ ማድሪድን 2 ለ 1 አሸንፎ ደረበ፤ ያውም በሪያል ማድሪድ ሜዳ ላይ። የዓመቱ የስፔን ምርጥ ክለብ ማን ነው ከተባለ መልሱ ቢልባኦ ነው። ለማድሪድ የተረፈው የኮከብ ግብ አግቢነቱ ክብር ነበር፦ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ፣ 24 ግብ።

ይህ የሠንጠረዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማድሪድ ወደ አውሮፓው ውድድር የገባው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1954/55 ባገኘው የሊግ ድል ነው። ለ1956/57 ግን የሊጉ በር ተዘግቶበት ነበር፤ የስፔን ቦታ የቢልባኦ ነው። ማድሪድ የተመለሰው የዋንጫው ባለቤት በመሆኑ ብቻ ነው። በፍጻሜው የተሸነፈው ስታድ ሬምስ የደረሰበትን ማየት ይበቃል። ያን ዓመት የፈረንሳይ ሻምፒዮን ኒስ ስለነበር ሬምስ በቀጣዩ ውድድር አልተካፈለም። ፓሪስ ላይ ውጤቱ ቢገለበጥ ኖሮ ቤቱ የሚቀረው ማድሪድ ነበር።

የሚባለው፦ «በመጀመሪያው ውድድር የየአገሩ ሻምፒዮኖች ብቻ ተሳተፉ»

ስሙ የሻምፒዮኖች ነበር እንጂ ተሳታፊዎቹ የተመረጡት በግብዣ ነው። ሐሳቡን የገፋው ሌኪፕ የተባለው የፈረንሳይ የስፖርት ጋዜጣ፣ በተለይም ጋዜጠኛው ጋብሪዬል አኖ ነው። ጋዜጣው ተመልካች ይስባሉ ያላቸውን 16 ክለቦች ጠራ። ከስኮትላንድ የመጣው ሻምፒዮኑ አበርዲን ሳይሆን በሊጉ አምስተኛ የወጣው ሂበርኒያን ሲሆን እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዞ በሬምስ ተሸነፈ። የእንግሊዙ ሻምፒዮን ቼልሲ ተጋብዞ ነበር፤ የእንግሊዝ ሊግ ኃላፊዎች የሊጉን መርሃ ግብር ያውክብናል ብለው ስለተቃወሙ ወጣና ቦታውን የፖላንዱ ጓርዲያ ዋርሶ ያዘ። ማድሪድ ራሱ ግን ሙሉ መብት የነበረው ሻምፒዮን ነው።

የሚባለው፦ «ዲ ስቴፋኖ፣ ፑሽካሽ፣ ኮፓ እና ሄንቶ ዋንጫውን አመጡ»

ከአራቱ ሁለቱ አልነበሩም። ፈረንክ ፑሽካሽ ማድሪድ የደረሰው በ1958 ነው፤ በ1956 ገና የሆንቬድ ተጫዋች ነበር። ሬይሞን ኮፓ ደግሞ በፍጻሜው ሜዳ ላይ ነበር፣ ግን በተቃራኒው ወገን፤ የሬምስ ዋና ሰው እሱ ነው። ወደ ማድሪድ የተዛወረው ከዚያ ጨዋታ በኋላ ነው። ተከላካዩ ሆሴ ሳንታማሪያም የመጣው በ1957 ነው።

የፍጻሜው አሰላለፍ ይህ ነው፦ ግብ ጠባቂ አሎንሶ፤ ተከላካዮች አቲየንሳ፣ ማርኪቶስ፣ ሌስሜስ፤ አማካዮች ሙኞስ (አምበል) እና ሳራጋ፤ ከፊት ሆሴኢቶ፣ ማርሳል፣ ዲ ስቴፋኖ፣ ኤክቶር ሪያል፣ ሄንቶ። የኤክቶር ሪያል ስም በአማርኛ ሲጻፍ ከክለቡ ስም ጋር አንድ መምሰሉ ብዙ ጽሑፍ ላይ ግራ ያጋባል፤ በስፔንኛ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ማድሪድ በዚያ ውድድር ካገባቸው 20 ግቦች ዲ ስቴፋኖ 5፣ ሪያልም 5 አስቆጥረዋል። ሪያል መረሳቱ አግባብ አይደለም።

አሰልጣኙ ሆሴ ቪያሎንጋ ነበር፤ ዕድሜው 36። ከእሱ በኋላ ይህን ዋንጫ በዚያ ዕድሜ ያነሳ አሰልጣኝ የለም።

የሚባለው፦ «ያኔ ተቀናቃኝ ስላልነበረ በቀላሉ አሸነፉ»

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ይሄኛው ነው። ማድሪድ ሰባት ጨዋታ አደረገ፣ አምስት አሸነፈ፣ ሁለት ተሸነፈ። ቀላል የነበረው የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፦ ሰርቬትን ጄኔቫ ላይ 2 ለ 0፣ በሜዳው 5 ለ 0። ክለቡ በዚህ ውድድር ያገባት የመጀመሪያዋ ግብ የሚጌል ሙኞስ ናት።

ሩብ ፍጻሜው ላይ የቤልግሬዱ ፓርቲዛን መጣ። ስፔንና ዩጎዝላቪያ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። ስፔንን ይገዛ የነበረው የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት የኮሚኒስት አገር የጦር ሠራዊት ክለብ ማድሪድ ገብቶ እንዲጫወት መፍቀዱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1955 ተደርጎ 4 ለ 0 አለቀ። ነገሩ ያበቃ መሰለ። ጥር 29 ቀን 1956 ቤልግሬድ ላይ ሜዳው በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ማድሪዶች ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተው ሪያል ሳተው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ኳስን መጫወት ሳይሆን ኳስን ማራቅ ነበር። ፓርቲዛን ሦስተኛውን ግብ ያገባው መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። 3 ለ 0፤ በድምር 4 ለ 3። አንድ ግብ ብትጨመር ምን ይሆን ነበር? ከሜዳ ውጪ የተገባች ግብ ብልጫ የምትሰጥበት ደንብ ገና አልወጣም፤ እኩል የሆኑ ቡድኖች ሦስተኛ ጨዋታ ያደርጋሉ። ተጫዋች ቢጎዳም ቅያሪ የለም፤ በ10 ሰው ትጨርሳለህ።

ስለ ደንቡ ካነሳን አይቀር፣ በቀጣዩ ዓመት ማድሪድ ራፒድ ቪየናን በሜዳው 4 ለ 2 አሸንፎ ቪየና ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በኋላ በወጣው ደንብ ቢሆን ኖሮ ራፒድ ያልፍ ነበር። በሦስተኛው ጨዋታ ማድሪድ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ግማሽ ፍጻሜው ከኤሲ ሚላን ጋር ነበር፤ ኖርዳልና ስኪያፊኖ ያሉበት ሚላን። በሜዳው 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ ሚላን ላይ ሆሴኢቶ ቀድሞ አገባ። ዳል ሞንቴ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ገልብጦ 2 ለ 1 አደረገው። ድምሩ 5 ለ 4፤ አሁንም በአንድ ግብ።

ፍጻሜው ሰኔ 13 ቀን 1956 (ሰኔ 6 ቀን 1948 ዓ.ም.)፣ ረቡዕ ዕለት፣ በፓሪሱ ፓርክ ደ ፕራንስ ተደረገ። ስታዲየሙ ያኔ በዙሪያው የብስክሌት መወዳደሪያ መም ነበረው። ሬምስ በ6ኛው ደቂቃ በሌብሎን፣ በ10ኛው በቴምፕላን አገባ። 2 ለ 0። ዲ ስቴፋኖ በ14ኛው አንዱን መለሰ፣ ሪያል በ30ኛው አቻ አደረገ። በ62ኛው ኮፓ ከቅጣት ምት ያሻማትን ኢዳልጎ በግንባሩ ገጭቶ 3 ለ 2። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ያገባው ሰው ማነው? የመሐል ተከላካዩ ማርኪቶስ። ያኔ ሦስት ተከላካይ፣ አምስት አጥቂ በሚሰለፍበት አጨዋወት የመሐል ተከላካይ ሥራው የተጋጣሚን አጥቂ እንደ ጥላ መከተል ነው። ወደ ፊት አይወጣምና እሱን እንዲይዝ የሚመደብ ሰው የለም። ማርኪቶስ ቦታውን ጥሎ ሲወጣ ሬምሶች ማን ይያዘው ብለው እስኪወስኑ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች። በ79ኛው ሪያል ሁለተኛ ግቡን አገባ፤ 4 ለ 3። ማድሪድ በዚያ ምሽት ግንባር ቀደም የሆነው በመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የሚባለው፦ «ፍራንኮ ነው ቡድኑን የሠራው፤ ዲ ስቴፋኖን ከባርሴሎና ነጥቆ ሰጣቸው»

ይሄ እንደ ሌሎቹ «ውሸት» ብለው የሚያልፉት አይደለም፤ ግን በሚወራበት ልክም አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከ1939/40 እስከ 1952/53 ባሉት 14 የሊግ ዓመታት ባርሴሎና 5፣ አትሌቲኮ 4 (ሁለቱን የአየር ኃይል ክለብ ሆኖ አትሌቲኮ አቪያሲዮን በሚል ስም)፣ ቫሌንሲያ 3፣ ሴቪያና ቢልባኦ አንዳንድ ወሰዱ። ማድሪድ ባዶ እጁን ነበር።

ዲ ስቴፋኖ በ1953 ሁለት ሻጭ ነበረው፦ የአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት እና የኮሎምቢያው ሚዮናሪዮስ። የኮሎምቢያ ሊግ ከፊፋ ውጪ በነበረበት ወቅት ስለሄደ ሁለቱም «የኔ ነው» ይላሉ። ባርሴሎና ከሪቨር ጋር፣ ማድሪድ ከሚዮናሪዮስ ጋር ተስማሙ። የስፔን ፌዴሬሽን ግራ የሚያጋባ ፍርድ ሰጠ፦ አራት ዓመት፣ በየተራ፣ ማድሪድ ጀማሪ። ባርሴሎና ነገሩ አልዋጥ ብሎት ድርሻውን ለማድሪድ ሸጦ ወጣ። ከፍርዱ ጀርባ የመንግሥት እጅ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሁለቱን ከተሞች እስከ ዛሬ ያከራክራል። መንግሥቱ የማድሪድን ድል በኋላ ለገጽታው መጠቀሙ ግን አያከራክርም። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በዚያ የተራ ፍርድ መሠረት እንኳ 1955/56 የማድሪድ ተራ ነበር።

አጫጭሮቹን ላክል። በቤርናቤው የአውሮፓ ምሽቶች በፓውዛ ብርሃን ይደረጉ ነበር የሚለው ለዚህ ዓመት አይሠራም፤ ስታዲየሙ የምሽት መብራት የተተከለለት በ1957 ነው። አምበሉ ሙኞስ ፓሪስ ላይ ያነሳው ዋንጫም ባለ ትልልቅ ጆሮዋ አይደለችም። ያኛው ሌኪፕ የሰጠው ሲሆን በ1967 ለማድሪድ በቋሚነት ተሰጥቷል፤ አሁን የምናየው ቅርጽ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሄንቶ ብቻውን የያዘው የስድስት ዋንጫ ክብረ ወሰን ደግሞ አሁን የብቻው አይደለም፤ በ2024 ሞድሪች፣ ካርቫሃል፣ ናቾ እና ክሮስ ደርሰውበታል።

ያን ዓመት የተጀመረውን የባሎን ዶር ሽልማትም ዲ ስቴፋኖ ወሰደ የሚሉ አሉ። በ47 ለ 44 ነጥብ ያሸነፈው የ41 ዓመቱ የብላክፑል ክንፍ ተጫዋች ስታንሊ ማቲውስ ነው።