ሳቶሺ ማትሱኦካና የጃፓን ሱፐር ኮምፒውተሮች

ፕሮፌሰር ሳቶሺ ማትሱኦካ በ1963 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ጃፓናዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ናቸው። በሱፐር ኮምፒውተር፣ ማለትም እጅግ ፈጣን በሆኑ ግዙፍ የስሌት ማሽኖች ዓለም ስማቸው ሳይነሳ የሚታለፍ ሰው አይደሉም። በተማሪነታቸው ሃል ላቦራቶሪ ለተባለ የጌም ድርጅት ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ሳቶሩ ኢዋታ ሲሆኑ፣ በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማትሱኦካ ግን በትምህርቱ ገፍተው በ1993 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

የገነኑት በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ያኔ ጃፓን የምትታወቀው በልዩ ትዕዛዝ በሚሠሩ ውድ ማሽኖች ነበር። እሳቸው በ2006 ያስተከሉት ትሱባሜ የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ግን የተሠራው ተራ ሰርቨር ውስጥ በሚገኙ ኤኤምዲ የተባለው የቺፕ ኩባንያ ፕሮሰሰሮች ነው። ተማሪው የለመደውን ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ይዞ ገብቶ መሥራት ይችል ነበር። ማሽኑ በፍጥነት ከዓለም 7ኛ፣ ከእስያ አንደኛ ወጣ።

በ2008 ደግሞ ጂፒዩ ጨመሩበት። ለጌም ምስል የተፈጠረ ቺፕ ለከባድ ሳይንስ ይሆናል ብሎ ትልቅ ማሽን ላይ መግጠም ያኔ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ2010 የተተከለው ትሱባሜ 2.0 ከ4,200 በላይ ጂፒዩ ይዞ ከዓለም 4ኛ ሆነ። በዓመቱ በዚሁ ማሽን የተሠራ ጥናት በሱፐር ኮምፒውተር ለሚሠሩ ጥናቶች የሚሰጠውን የጎርደን ቤል ሽልማት አገኘ።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ግን በመብራት ፍጆታ ላይ የሠሩት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ለስሌቱ ብቻ ሳይሆን ለማቀዝቀዣውም ብዙ ኃይል ይበላል። ትሱባሜ ኬኤፍሲ በተባለው የሙከራ ማሽን 40 ሰርቨሮችን ዘይት ውስጥ ነከሯቸው። ዘይቱ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ለውሃ ያስረክባል፣ ውሃው ወደ ውጭ ያወጣዋል። ያች ትንሽ ማሽን በኅዳር 2013 በኃይል ቁጠባ ከዓለም አንደኛ ሆነች።

በ2018 ኮቤ ከተማ የሚገኘው፣ ሪከን የተባለው የጃፓን የምርምር ተቋም የስሌት ሳይንስ ማዕከል ዳይሬክተር ሆኑ። ፉጋኩ የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር እዚያ ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር ሥራው የተጀመረው እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ የኮምፒውተር ኩባንያው የፉጂትሱና የሪከን ብዙ መሐንዲሶች ደክመውበታል። ማሽኑ ወደ 159 ሺህ የሚጠጉ ፕሮሰሰሮች አሉት፤ የተሠሩትም በእጅ ስልካችን ውስጥ ባለው የአርም ዲዛይን ነው። በሴኮንድ 442 ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ሠርቶ ከሰኔ 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል አንደኝነቱን አላስነካም።

ኮቪድ ሲመጣ ፉጋኩ ገና ተጠናቆ አላለቀም ነበር። ቢሆንም ወዲያው ወደ ሥራ አስገቡት። ሲያስሉና ሲያወሩ የሚወጣው ጠብታ በባቡር፣ በቢሮና በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚንሳፈፍ አሰላ። አየሩ ሲደርቅ ረቂቁ ጠብታ በብዛት እንደሚሰራጭም አሳየ።

በ2022 የአሜሪካኑ ሱፐር ኮምፒውተር ፍሮንቲየር ፉጋኩን ቢቀድመውም፣ ማትሱኦካ በዚያው ዓመት በመስኩ ትልቅ ክብር ያለውን የሲሞር ክሬይ ሽልማት ተቀበሉ። በ2025 ደግሞ ሪከን የፉጋኩን ተተኪ ከፉጂትሱና ከጂፒዩ አምራቹ ኤንቪዲያ ጋር እንደሚሠራ አስታወቀ። በጃፓን ዋና ብሔራዊ ሱፐር ኮምፒውተር ውስጥ ጂፒዩ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ይሆናል።