«የመሳሚያው ምሰሶ» ምንድን ነው?

ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመረመሩባት ነበር። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አልፎባታል። ምርመራውን የጨረሰ ሰው ከትልቁ አዳራሽ ሲወርድ ሊቀበለው የመጣውን ዘመዱን የሚያገኘው አንድ ምሰሶ አጠገብ ነው። ስንት ዓመት የተለያዩ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ እዚያ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ይህን በየቀኑ የሚያዩት ሠራተኞች ናቸው «የመሳሚያው ምሰሶ» ያሉት።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ዘመድ ከዘመድ እንዴት ተገናኘ? ነገሩ የሚጀምረው ገና አገር ቤት እያሉ ነው። ቀድሞ የሄደው አድራሻውን በደብዳቤ ይልካል። ብዙ ጊዜ ትኬቱንም የሚቆርጠው እሱ ነው። የመርከቡ መዝገብ ደግሞ ተጓዡን «ወደ ዘመድ ነው የምትሄደው? ስሙ ማነው? የት ነው የሚኖረው?» ብሎ ይጠይቃል። ከ1907 ወዲህ አገር ቤት የቀረው የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻም ተጨመረበት።

ብቻዋን የመጣች ሴት ዝም ብላ አትለቀቅም። ልጆችም እንደዚያው። ለዘመድ ቴሌግራም ይላካል፤ ሰው እስኪመጣ ወይም መልስ እስኪደርስ እዚያው ይቆያሉ። ለደኅንነታቸው ታስቦ ነው፤ ግን ደሴት ላይ ተቀምጦ ስምህ እስኪጠራ መጠበቅ እንዴት ያስጨንቃል! አድራሻ ለጠፋባቸው ደግሞ እንደ ሃያስ (አይሁድ ስደተኞችን ይረዳ የነበረ ማኅበር) ያሉ የዕርዳታ ማኅበራት ዘመድ ያፈላልጉላቸው ነበር።

ይሄ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ከመንዝ ተነስቶ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚወርድ ልጅም የአጎቱን ስልክ በወረቀት ይዞ ነው መናኸሪያ የሚቆመው። ዲቪ ደርሶት ከደብረ ብርሃን የሚሄደውንም አየር ማረፊያ ሰው ካልጠበቀው ጭንቅ ነው።

እኛን ግን አንድ ነገር ይለየናል። ፈረንጅ ዘመዱን በቤተሰብ ስም ይፈልጋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ከተመዘገቡ ወረቀት ላይ ባዕዳን ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ያው አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ተጓዥ ካላችሁ የዘመዱ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ተጽፎ ይያዝ። ስልክና ሙሉ አድራሻም አብሮ፣ በወረቀት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

አድራሻው ጨርሶ ከጠፋስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወይም ምግብ ቤት ሄዶ ነው፤ የአገሩን ልጅ አያጣም። ያ ካልሆነ ቀይ መስቀል በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያለ ክፍያ ያፈላልጋል። ለዚህ የሚረዳው የአባትና የአያት ስም ብቻ አይደለም። የእናት ስም፣ የትውልድ ቀበሌና ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበት ቦታም ፍለጋውን ያቀልላል።