«ቅድሚያ የምሰጣቸው ጉዳዮች» ምንድን ነው? ከአናፖሊስ የሚመጣውን ኢሜይል ስናነብ

ባለፈው ጃንዋሪ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጎረቤቴ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «ይሄ ሰውዬ ተመርጦ የለ እንዴ? ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ። ሥራዋ ቤቷ ውስጥ የሌላ ሰው ሕፃናትን መጠበቅ ነው፤ ለፖለቲከኛ ኢሜይል የሚሆን ጊዜ የላትም።

ኢሜይሉ የመጣው የስቴታችን የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ በሚሰበሰበው የስቴቱ ምክር ቤት ካለው ተወካያችን ነው። ፈገግ ያለበት ፎቶ አለ። ከሥሩ «በዚህ የጉባኤ ወቅት ቅድሚያ የምሰጣቸው ጉዳዮች» ይላል። ከዚያ ስድስት ነጥቦች፦ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ጤና፣ የሕፃናት መዋያ፣ ደኅንነት። ይህን ማን ይጠላል?

እኔም ለዓመታት የምርጫ ቅስቀሳ እየመሰለኝ ሳልከፍተው ስሰርዘው ኖሬያለሁ። ነገሩ ግን ከቅስቀሳ ይልቅ ለገበያ ዝርዝር ይቀርባል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ገንዘቡ አጭር፣ ሱቁም ሊዘጋ ነው።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች «ዘንድሮ ትኩረት የሚሰጠው…» ሲባል ትዝ የሚለን ሌላ ነው። ፓርላማው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲከፈት የፕሬዚዳንት ንግግር ይሰማል፤ መንግሥት በዓመቱ ሊሠራ ያሰበው ይዘረዘራል። ያ የመንግሥት ዕቅድ ነው። አናፖሊስ ላይ ደግሞ ገዥው የራሱ ዝርዝር አለው፣ የምክር ቤቶቹ መሪዎችም አላቸው፣ ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዱ ሕግ አውጪ የየራሱን ይዞ ይመጣል። በታችኛው ምክር ቤት 141 ዴሊጌቶች፣ በላይኛው 47 ሴናተሮች፣ በድምሩ 188 ሰው። ተወካያችን ከ141 አንዱ ነው። ስለዚህ «ቅድሚያ እሰጠዋለሁ» ሲል «ይፈጸማል» ማለቱ አይደለም። «የእኔን ጊዜና ጉልበት እዚህ ላይ አውላለሁ» ማለቱ ነው።

ጊዜው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። የሜሪላንድ ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይከፈትና ለ90 ቀን ይቆያል። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። የ2025ቱ ጃንዋሪ 8 ተጀምሮ ኤፕሪል 7 እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ። በእነዚህ ቀናት ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። (በአፋችን «ቢል» የምንለው ነው፤ ግን የእኛ ሰው ቢል ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የመብራቱ ስለሆነ ረቂቅ እንበለው።) አብዛኞቹ አያልፉም። አንድ ዴሊጌት አሥር ረቂቅ ቢያቀርብ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን እየለመነ፣ ኮሪደር ላይ ሰው እየያዘ የሚከራከርላቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። የተቀሩት ቀርበው ይቀራሉ። የኢሜይሉ ቁም ነገር እንግዲህ የትኞቹ ሁለት ሦስት እንደሆኑ ማወቁ ላይ ነው።

እኔ ግሱን አያለሁ። «አቀርባለሁ» ካለና ቁጥር ካስቀመጠ፣ ማለትም ለዴሊጌት ኤች ቢ፣ ለሴናተር ኤስ ቢ ብሎ ቁጥሩን ከጻፈ፣ ሥራው ተጀምሯል። ሁለቱም ቁጥር ካለ ደግሞ በሌላኛው ምክር ቤት ያንኑ ረቂቅ ጎን ለጎን የሚገፋለት ሰው አግኝቷል፤ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። «እደግፋለሁ» ካለ የሌላ ሰው ረቂቅ ነው፣ እሱ ድምፅ ይሰጣል። «መሥራቴን እቀጥላለሁ» ካለ… እሱን ዝም ብሎ ማለፍ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚቀመጥበትን ኮሚቴ እዩ። ረቂቅ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ ነው። እሱ በሌለበት ኮሚቴ የሚወድቅ ጉዳይን «ቅድሚያዬ» ካለ፣ ጉዳዩ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ቅድሚያ የተባለ ነገር ገብቶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2019 የወጣው ሕግ 15 ዶላር እንዲደረስ ያለው ለትልልቆቹ ቀጣሪዎች በጃንዋሪ 2025፣ ለትንንሾቹ በጁላይ 2026 ነበር። በ2023 አዲሱ ገዥ ዌስ ሙር ይህን ማፋጠን ከመጀመሪያ ቅድሚያዎቻቸው አንዱ አደረጉት። ረቂቃቸው ሁለት ነገር ይዞ ነበር። 15 ዶላሩ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እንዲጀምር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በራሱ እያደገ እንዲሄድ። ምክር ቤቱ ምን አደረገ? ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ገፋው። በራሱ የሚያድገውን ክፍል ከነጭራሹ አወጣው። ሕጉ ጸደቀ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ፓርኪንግና ሬስቶራንት የሚሠራው ወገናችንም 15 ዶላሩን አየ። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ግን ደመወዙ አብሮ አይጨምርም። ኢሜይሉ ላይ «ተሳክቷል» የሚለው ቃል ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ።

ሌላው ገንዘብ ነው። ሜሪላንድ በሕገ መንግሥቷ በጀቷን ማመጣጠን አለባት፤ እንደ ፌዴራሉ ተበድሮ ማለፍ የለም። ገዥው በጃንዋሪ በጀቱን ያቀርባል፣ በ83ኛው ቀን ምክር ቤቱ እንዲጨርሰው ይጠበቃል። ድሮ ሕግ አውጪው መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። መራጩ በ2020 ደንቡ እንዲለወጥ ድምፅ ሰጠ፤ አሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላሉ፣ ጠቅላላ ድምሩን ግን ገዥው ካቀረቡት በላይ ማሳደግ አይችሉም። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ረቂቅ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ስንት እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ማብራሪያ ያዘጋጃሉ። ይህች ወረቀት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ትገኛለች፤ ከራሱ ከረቂቁ ይልቅ የምትነበበው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ስቴቱ የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጉድለት ይዞ በገባበት በ2025፣ ወጪ ያለው ረቂቅ ያቀረበ ሰው ገና ከበሩ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ተብሏል። ጉድለት ባለበት ዓመት ቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ወጪ ያለው ነገር ካያችሁ ጠርጥሩ።

ማለፉም የመጨረሻው አይደለም። ልጅ ሲወለድ ወይም ቤተሰብ ሲታመም ከክፍያ ጋር ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ በ2022 የጊዜውን ገዥ ቪቶ (አልፈርምም ማለታቸውን) ሽሮ ወጣ። መጀመሪያ ክፍያው የሚጀምረው በጃንዋሪ 2025 ነው ተባለ። ከዚያ ተገፋ። ደግሞ ተገፋ። በ2025ቱ ጉባኤ እንደገና ወደ ጃንዋሪ 2028 ተሻገረ። በ2022 እርጉዝ ሆና ዜናውን በደስታ የሰማች እናት፣ ክፍያው የሚጀምረው ያቺ ልጇ ለትምህርት ቤት ስትደርስ ነው ማለት ነው።

ጎረቤቴ የያዘቻት ነጥብ «የሕፃናት መዋያ» የምትለዋን ነበር። ለቢሮው አንድ መስመር ጻፈች፦ «ረቂቁ ቁጥሩ ስንት ነው?» በማግስቱ ረዳቱ መለሰላት። ረቂቁ ገና እየተጻፈ ነው፣ ቁጥር ሲያገኝ እናሳውቅዎታለን።

«ታዲያ ምኑን ነው ቅድሚያ የሰጠው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። የተዘጋጁት ሰዎች ረቂቃቸውን በጋ አልቆ ቅጠል ሲረግፍ ያስጀምራሉ፤ ጉባኤው ሳይከፈት ቁጥር የሚያገኙም አሉ። ተወካያችሁን ቡና ጋብዛችሁ «ይሄ ነገር ቸግሮናል» የምትሉበት ጊዜም ያ ነው፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር። የኛ ማኅበሮች አናፖሊስ ትዝ የሚላቸው ማርች ላይ ነው። ማርች ላይ በሩ እየተዘጋ ነው፦ በ69ኛው ቀን ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ ወረፋው ይበላሻል፣ ወደ መቃብሩ ይቀርባል። በ2025 ያ ቀን ማርች 17 ነበር።

ቁጥሩ በኋላ ላይ መጣላት። የኮሚቴው መስሚያ ቀን ሲደርስ ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተመዘገበች። ለመናገር የሚሰጡት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ እሷ ልጆቹን ጥላ መሄድ ስለማትችል አንድ ገጽ ጽፋ ላከች። እዚያች ገጽ ላይ የወተቱን፣ የኢንሹራንሱንና የረዳቷን ወጪ በቁጥር አስቀመጠች። አስተያየት አልጨመረችም። እኔ አርትዬ ላሳምርላት ብዬ ነበር፣ እንኳንም እምቢ አለችኝ።

ረቂቁ ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ፣ አናፖሊሶች «ሳይኒ ዳይ» በሚሉት ሰዓት፣ ከላይ የወረቀት ብናኝ ይበተናል፣ ሰው ይተቃቀፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ያላለፈ ረቂቅ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይሻገርም፤ እንደገና ተጽፎ፣ አዲስ ቁጥር አግኝቶ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የአምናውንና የዘንድሮውን ኢሜይል ጎን ለጎን ስታደርጉ ያው ነጥብ ከተደገመ ሰውዬው ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። አንዳንድ ረቂቅ ሦስትና አራት ዓመት ይመላለሳል። የሚታየው ቃሉ መደገሙ አይደለም። አምና «አቀርባለሁ» ያለው ዘንድሮ «እደግፋለሁ» ወደሚል ወርዶ እንደሆነ ነው።

ጎረቤቴ የአምናውን አልሰረዘችውም፤ ኮከብ አድርጋበት አስቀምጣዋለች።