የደም ምርመራ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን መድማት ቀድሞ ይናገራል? ነገሩ ምንድን ነው?

እህቴ ሰባት ወሯ ነው፣ ክትትል ሄዳ የላብ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሄሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚታይበት ልኬት) 9.8 ይላል፣ አጠገቡ ወደታች የምታሳይ ቀስት አለች። "ስወልድ ብዙ ደም ይፈሰኛል ማለት ነው?" አለችኝ።

አይደለም፣ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትርና ከዛ በላይ ደም ከፈሰሰ የድህረ ወሊድ መድማት ይባላል፣ ሊትር ከሞላ ደግሞ ከባድ ነው። ከ10 ሰባቱ ያህል የሚመጣው ልጁም እንግዴ ልጁም ከወጣ በኋላ ማህፀን መኮማተር ሲያቅተው ነው፣ እና ማህፀን ያን ቀን ይለግም አይለግም ከክንድ የተቀዳ ደም ላይ አይታይም። ስለዚህ ነው ውጤቷ ሁሉ ደህና የሆነች ሴትም የምትደማው፣ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን መርፌም ተመርጦ ሳይሆን ለወላድ ሁሉ የሚሰጠው።

ሄሞግሎቢን የሚነግርሽ ምን ያህል መቋቋም እንደምትችዪ ነው። ያው ግማሽ ሊትር ለአንዷ ራስ ማዞር ብቻ ሲሆን ደም ማነስ ላለባት መውደቅ ሊሆን ይችላል። በጣም ሲወርድ ግን የመድማቱን እድል ራሱ ከፍ እንደሚያደርግ ፓኪስታን፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ላይ የተሰራው ዎማን-2 ጥናት አሳይቷል። የነፍሰጡር ሄሞግሎቢን ደህና የሚባለው ከ11 ጀምሮ ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ግን መነሻው ራሱ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እዚህ 11 ያላት ሰው "ደህና ነኝ" ብላ ባትዘናጋ።

ፕላትሌትም (ደም እንዲረጋ የሚያግዙት የደም ህዋሶች) ይታያል፣ ዝቅ ካለ ሃኪሙ ቀድሞ ይዘጋጃል።

በደንብ ይተነብያል የሚባለው ፋይብሪኖጅን ነው፣ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን። እርግዝና መጨረሻ ላይ በሊትር ከ4 እስከ 6 ግራም ይደርሳል፣ መድማት ጀምሮ ሲለካ ከ2 በታች ከተገኘ ነገሩ ወደ ከባድ እየሄደ ነው ማለት ነው። ግን ልብ በይ፣ መድማት *ከጀመረ በኋላ* ነው፣ በሰባት ወር ተሰርቶ ትንቢት የሚሆን አይደለም።

ለእህቴ የታዘዘላትን የአይረን ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስደው ነገርኳት፣ እሺ አለች (ቡናውን እንኳን እጠራጠራለሁ)። እኔን ግን ከ9.8ቱ በላይ ያሳሰበኝ ቀስት የሌለባት መስመር ናት፣ የደም ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ትላለች። የሾተላዩን ነገር (የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም) ሃኪሟ ይዞታል፣ ግን ኦ ኔጌቲቭ ከኦ ኔጌቲቭ ሌላ አይቀበልም፣ እንደልብም አይገኝም። የምትወልጅበት ቦታ ይሄ ደም ይኑር አይኑር ከአሁኑ ጠይቂ አልኳት።