ሆሞሲስቴይን ከፍ አለ ማለት አጥንት ሊሰበር ነው ማለት ነው?

በሰንበቴያችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ላስረዳ። ሆሞሲስቴይን አሚኖ አሲድ ነው። ከምግብ ያገኘነውን ፕሮቲን ሰውነታችን ሲጠቀምበት ይፈጠራል። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንና ቫይታሚን ቢ12 ወደ ሌላ ነገር እንዲለወጥ ያግዛሉ። እነሱ ሲያንሱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ኩላሊት ሲደክምም እንደዚያው።

እንበል፣ አዘዞ የሚኖሩ የ70 ዓመት እናት ውጤታቸው 22 ሆነ። የተለመደው በሊትር ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል ነው። «አጥንቴ አለቀ!» ብለው ደነገጡ። ኧረ አላለቀም። ቁጥሩ የአጥንትን ጥንካሬ አይለካም።

እርግጡ ይኸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ የወጡ ጥናቶች፣ መጠኑ ከፍ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ስብራት በዝቶ አግኝተዋል። አብሮ መታየቱ ግን አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ኋላ በኔዘርላንድስ አረጋውያን ለ2 ዓመት ፎሊክ አሲድ (በኪኒን የሚወሰድ ፎሌት) እና ቢ12 ወሰዱ። መጠኑ ወረደ፤ ስብራቱ በአጠቃላይ አልቀነሰም። ስለዚህ ዝም ብሎ ኪኒን መዋጥ ዋስትና አይሆንም።

ከሰው ሰው የሚለየው መንስኤው ነው። ፎሌት ከጎመን፣ ከምስርና ከሽምብራ ይገኛል። ቢ12 ግን ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጾም የሚያበዙ እናቶቻችን ናቸው። ጾማቸውን ተዉ አልልም፤ ቢ12 መመርመር ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅላቸው። ከፒያሳ ቁልቁለቱን ሲወርዱም ክንዳቸውን ያዙ። አብዛኛው የዳሌ ስብራት የሚመጣው ከመውደቅ ነው።